ኮሌራ ሲቸግረው የት ይጠጋል?

ሰው ሲቸግረው ዘመድ ፍለጋ ይወጣል። የኮሌራ ተሐዋሲም ቢሆን ከዚህ ጠባይ ብዙ አልራቀም።

ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ተሐዋሲውን በ1884 እ.ኤ.አ. በካልካታ ከተማ ለይቶ ካወጣ ወዲህ፥ አንድ ነገር ሊቃውንቱን ሲያስጨንቃቸው ኖሮአል። ይኸውም በሽታው በባንግላዴሽ ወራቱን ጠብቆ ይነሣል፤ ወረርሽኙ ጋብ ሲል ግን ከኵሬው ውሃ ቀድተው ተሐዋሲውን በላቦራቶሪ ሊያራቡት ቢሞክሩ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ታዲያ የት ከርሞ ይመጣል?

ሪታ ኮልዌል የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅና ጓደኞቻቸው በ1982 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጡት፥ ተሐዋሲው ኑሮ ሲከፋበት ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። በዚያን ጊዜ በላቦራቶሪ ምግብ ቢቀርብለት አይራባም፤ ስለዚህ መርማሪው «ውሃው ንጹሕ ነው» ብሎ ሊፈርም ይችላል። (ያንን ፊርማ አምኖ የጠጣ ሰው ለማን አቤት ይላል?)

ሌላም መጠጊያ አለው። ኮፔፖድ የሚባሉ፥ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ፥ የሸርጣን ወገን የሆኑ ፍጥረታት በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ። ተሐዋሲው በቅርፊታቸው ላይ ይጣበቃል፤ ቅርፊቱንም ይመገባል፤ ዝልግልግ ልባስ አብጅቶ በመንጋ ይሰፍራል። በአንዲቱ ላይ 10,000 ያህል ሊገኙ ይችላሉ። ብቻውን የሚንሳፈፈውን ተሐዋሲ የጨጓራ አሲድ በብዛት ይፈጀዋል፤ በልባስ ተጠቅልሎ የገባው ግን ተርፎ ከአንጀት ይደርሳል። እዚያም ዳግመኛ ተጣብቆ መርዙን ሲያወጣ፥ ሕመምተኛው የሰውነቱን ውሃ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይጨርሳል።

ይሁን እንጂ ይኸው መጣበቁ አጋለጠው። ብቻውን ሲሆን ከማናቸውም ጨርቅ ሾልኮ ያልፋል፤ ኮፔፖዷን ይዞ ግን አይሾልክም። በባንግላዴሽ ገጠር ማገዶ ብርቅ ስለ ሆነ ለድኻ ቤት ውሃ ማፍላት ከባድ ነው። ስለዚህ እነ ኮልዌል፥ ሴቶች የሚለብሱትን አሮጌ ሳሪ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ አጥፈው በእንስራው አፍ ላይ እንዲያደርጉት አስተማሩ። በ65 መንደሮች፥ በ133,000 ያህል ሰዎች መካከል ተፈትኖ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፥ በሳሪ ያጠለሉት ከማያጠልሉት ይልቅ በኮሌራ የመያዛቸው ነገር 48 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። አሮጌው ሳሪ ከአዲሱ ይሻላል፤ በእጥበት ብዛት ክሩ ስለሚፍታታ ቀዳዳው ይጠብባልና። ጠላ በጨርቅ ሲያጠልሉ ላደጉት እናቶቻችን ይህ ብዙም የሚያስገርም አይመስለኝም።

ማገዶ ወይም ክሎሪን ያለው ሰው ግን በጨርቅ ተማምኖ ማፍላቱን አይተው፤ ብቻውን የሚንሳፈፈው ተሐዋሲ ያልፋልና። ጨርቁም ከተጠለለበት በኋላ ታጥቦ በፀሐይ ካልደረቀ፥ ኮፔፖዷ ከነመንጋዋ እዚያው ናት።