የጉብኝቱ አውቶቡስ ከሞጆ ወደ ደቡብ ይታጠፍ

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ለልምድ ልውውጥ ሲወጡ ሞጆን ቢያዩ መልካም ነው። ባሕር የሌላት አገራችን በጂቡቲ በኩል የሚገባላትን ኮንቴይነር የምትቀበለው በሞጆ ደረቅ ወደብ ስለሆነ፣ አርሶ አደሩም ይህን ማወቅ ይገባዋል። ነገር ግን ሞጆ የመንገድ መለያያም ናት። አንዱ መንገድ በአዳማ አድርጎ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ሲያቋርጥ፣ ሁለተኛው በመቂና በባቱ አልፎ ወደ አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ያደርሳል። አውቶቡሱ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ይቀጥል የሚል አሳብ አለኝ።

«ፓርክ የፈረንጅ መዝናኛ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ገበሬ ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ፓርኮቹ ሲከለሉ የግጦሽ መሬቱ ሲዘጋበት እንጂ ከመግቢያው ገንዘብ ሲደርሰው አላየም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየፓርኩ የጥበቃ ቤቶች የተዘረፉትና አራዊት የተገደሉት በከፊል ከዚሁ ቅሬታ የተነሣ መሆኑ አይካድም።

አብያታን የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚረግጠው ውኃ ሳይሆን ነጭ ጨዋማ ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ቀድሞ ሐይቅ ነበር። አብያታ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ የሚኖረው ከዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው የቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ ነው። ላይ ያለው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ የአበባው እርሻም ጭምር ውኃውን በፓምፕ ሲስቡ ቡልቡላ ይቀጥናል። የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከሐይቁ ሲቀዳ ኖሯል። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ጥልቅ ቢሆንም ዓሣ የለውም ለማለት ይቻላል፤ በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት ይብራዎች ግን ምግባቸውን ያጠምዱ የነበረው አብያታ ነበር። አንድ ሐይቅ ሲደርቅ የሌላውም ወፍ ይሰደዳል ማለት ነው። የግራሩ ዛፍ በከሰል ጆንያ ተሞልቶ በመንገድ ዳር የሚሸጥ መሆኑን ማንም መንገደኛ ስለሚያውቀው አላስረዝመውም።

ጊዜና ነዳጅ ከተገኘ ደግሞ ከሻሸመኔ ወደ ባሌ ተራሮች ይኬድ። ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከሳነቲ አምባ ቁልቁል ሲወረድ የሐረና ጥቅጥቅ ደን፣ የጫካ ቡናውና ማሩ ይገኛል። የገናሌና የወይብ ውኃ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣል። በሳነቲ ፍልፈል እያደነ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ደጋግሞ የፈጀው የጠመንጃ ጥይት ሳይሆን ከገበሬው ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻን ማስከተብ ደግሞ የማኅበር ሥራ ነው፤ በጀቱም ከባድ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው በመንገድ ላይ ያለው የዶዶላና የአዳባ ደን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን በውል ተረከቡ። ስሌቱ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር፣ በአንድ ማኅበርም ከ30 አባወራ የማይበልጥ ነበር። አዲስ ሰፋሪ እንዳይገባ የሚከለክሉት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። ለጎብኚ ፈረስ በማከራየት፣ በመምራትና በማሳደር ገቢ የሚገኝበት ሥራም ተጀመረ። አንድ መሪ በአዳራሽ ከሚሰማው ገለጻ ይልቅ ፈረሱን ከሚስበው ገበሬ ጋር ግማሽ ቀን ቢነጋገር ይበልጥ ይጠቀማል።

ስትሄዱ ታዲያ ለፎቶግራፍ ብቻ አትሂዱ። በፓርኩ በር ከሚከፈለው ገንዘብ ለአካባቢው ቀበሌ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁ። የቡልቡላ ገበሬዎች ፓምፕ በተራ ለመክፈት ተስማምተው እንደሆነ፣ ካልተስማሙም ምን እንደከለከላቸው ጠይቁ። ከመካከላችሁ ከሰል የሚከሰልበት ቀበሌ መሪ ካለ የአርሲ ነገሌን ገበሬ ከሰሉን ሲተው በምን ሊተዳደር እንዳሰበ ይጠይቀው። መልሱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ለአባላት ይነበብ።

ጉዞው በኅዳር አይሁን፤ አጨዳ ነው። ጥር ይሻላል፤ አውድማው ይነሣል፣ ከሰሜን አገሮች የሚመጡት ወፎችም ገና በሐይቆቹ ላይ ናቸው።