ፖስታ ቤቱን ተዉት

የእንግሊዙ ኮመስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው «ፈርስት አተራንስ» ለምን ሳይሸጥ ቀረ ሲባል፣ አድናቂዎቹ የዚያን ዓመት የፖስታ ሠራተኞች አድማ ይጠራሉ። ኧረ ተዉ! አድማው እኮ ሰባት ሳምንት ገደማ ነው የቆየው።

እስቲ አልበሙን ክፈቱት። ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ የእጅ ከበሮ፤ የዋህ የባላገር ዘፈን ይመስላል። ከዚያ ሮጀር ዉተን ይጮኻል። «ዳያና» ላይ አንዲት ሴት ጫካ ውስጥ ትታደናለች። «ድሪፕ ድሪፕ» ላይ ደግሞ ዘፋኙ ገዳዩ ራሱ ነው፣ ለሬሳዋ በፍቅር ቃል ያንጎራጉርላታል። የቦቢ ዋትሰን ጥርት ያለ ድምፅ ሲታከልበት ይብሳል።

ያኔ ይህን ሰምቶ የሸሸ ሰው ጆሮው ደህና ነበር። ችግሩ እኛ ጋ ነው። የስዊድኑ ሜታል ባንድ ኦፔት የ1998 አልበሙን ርዕስ ከ«ድሪፕ ድሪፕ» ግጥም ወሰደ፤ ኮመስም በ2008 እንደገና ተሰባስቦ ስዊድን ውስጥ ተጫወተ። ጥሩ። ግን «ካልት» የሚል ስም ለጠፍንበትና እንደ ሆረር ፊልም ፈንዲሻ ይዘን መስማት ጀመርን። ስለ ገዳዩ ዘፈን መቶ ጊዜ ተነግሮኛል። አልበሙን የሚዘጋው «ዘ ፕሪዝነር» ግን የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ስለተቆለፈበት ሰው ነው፤ እሱን እስከ መጨረሻው የሰማችሁ እስቲ እጅ አውጡ።