አንድ ዓይናዋ ፔጆና ትምህርታችን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ በደብተራችንም ደጋግመን ጽፈነዋል። ነገር ግን ምሳሌን ማወቅና በምሳሌው መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኔ የተረዳሁት በዚህ ዓመት፣ ከአንዲት አሮጌ መኪና የፊት መብራት ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፣ «የመኪና መብራት ለትምህርት ቤት መጽሔት ምን ይረባል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡብኝ አደራ እላለሁ።

በሳቢያን ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ሹፌር አሉ። መኪናቸው ፔጆ 404 ናት። ይህች ዓይነት መኪና በፈረንሳይ አገር መሠራት የጀመረችው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አስቸጋሪ በሆነው በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸናፊ ሆናለች። በሐረር ከተማም በታክሲነት ለብዙ ዘመን ስላገለገለች፣ ከእኛ አገር ሰው ጋር ቤተ ዘመድ ናት ማለት ይቻላል። ዛሬ የድሬዳዋን መንገድ ባጃጅ ሞልቶታል፤ ሆኖም ሽማግሌው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህች መኪና ስለሆነ ሊለዩዋት አይወዱም።

ባለፈው ጥቅምት ወር አባቴና እኔ ከሐረር ስንመለስ በእርሳቸው መኪና ተሳፍረን ነበር። ደንገጎ ስንደርስ መሸ። የመኪናዋ የግራ መብራት እንደ ኩራዝ ፈዝዞ ነበርና፣ ከታች የሚወጣው የጭነት መኪና ሹፌር ያየው የቀኙን ብቻ ነው። በአገራችን መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ከፊት ለሚመጣው ሰው የሚቀርበው የግራ መብራት ነው፤ እርሱ ከጠፋ መኪናዋ በጠርዝ የምትሄድ ሞተር ብስክሌት ትመስላለች። ሰውዬውም እንደዚያ መስሎት መንገዱን አጋምሶ መጣ። ሽማግሌው በፍጥነት ወደ ዳር ባይሸሹ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ አልነበረም። እቤት እስክንደርስ ድረስ አባቴ አንዲት ቃል አልተናገረም።

በማግሥቱ ነገሩን ጠየቅሁ። ሽማግሌው አምፖል ሁለት ጊዜ ለውጠዋል፤ አንድ ባለሙያም «የሽቦው ነገር አብቅቷል፣ ሁሉም ይለወጥ» ብሏቸዋል። የተጠየቁት ገንዘብ ከዐቅማቸው በላይ ስለሆነባቸው፣ መኪናዋን ለብረት ገዥ ለመሸጥ አስበው ነበር። እኔም በፊዚክስ ትምህርት ጥሩ ውጤት ያለኝ ተማሪ ነኝና፣ «አባባ፣ እኔ አየዋለሁ» አልሁ። እርሳቸውም «እንግዲህ የተማርኸውን እንይ ልጄ» ብለው ካቻቢቴውን ሰጡኝ።

በመጀመሪያ ፊውዙን አየሁ፤ ደኅና ነው። ቀጥዬ አምፖሉን ነቀልሁና በሶኬቱ ላይ ቴስተር ጨመርሁ፤ 12 ቮልት አነበበ። «ኤሌክትሪኩ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት ፈረድሁ። ሽማግሌው ሦስተኛ አምፖል ገዙ። ሦስተኛውም እንደ ሁለቱ ፈዘዘ። በዚያን ቀን ያፈርሁትን ያህል በትምህርት ቤት ተሸንፌ አፍሬ አላውቅም፤ ያጠፋሁት የራሴን ገንዘብ ሳይሆን የድኻ ሰው ገንዘብ ነበርና።

ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ብነግራቸው ሳቁና፣ «መብራቱ እየበራ ነው የለካኸው ወይስ ጠፍቶ?» አሉኝ። የስሕተቴ ሥር ይህ ነበር። አምፖሉ ከተነቀለ በሽቦው ውስጥ የሚያልፍ ጅረት የለም። ጅረት ከሌለ ደግሞ የዛገ መጋጠሚያም ቢሆን ምንም ቮልት አይበላም፤ ስለዚህ ቴስተሩ ሙሉውን 12 ቮልት ያሳያል። ሥራ የፈታ ሽቦ ሁሉ ደኅና ይመስላል።

ተመልሼ መብራቱን አብርቼ በየመንገዱ ለካሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ ድረስ የጠፋው ቮልት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአምፖሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለሰው በኩል ግን ሦስት ቮልት ያህል ጠፍቶ ተገኘ። መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የመመለሻ ሽቦ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዋ ቀለም ስትቀባ፣ ሽቦው በአዲሱ ቀለም ላይ ታስሮ ኖሯል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ጅረቱ ያልፍ የነበረው በዛገው ቡሎን ጥርስ ብቻ ነበር።

የክፍል ጓደኞቼ በኦም ሕግ እንዲያመዛዝኑት ስሌቱን እነሆ። 45 ዋት የሆነ አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ይስባል፤ ተቃውሞው 3.2 ኦም ነው ማለት ነው። በመንገዱ ላይ አንድ ኦም ብቻ ብንጨምር ጅረቱ ወደ 2.86 አምፔር ይወርዳል፤ ለአምፖሉም የሚተርፈው 9 ቮልት ያህል ነው። ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ በብዙ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ ከግማሽ በታች ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙንና ዝገቱን ፍቄ፣ ሽቦውን በንጹሕ ብረት ላይ አጥብቄ አሰርሁት፤ ግራሶም ቀባሁት። መብራቱም ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ። ለዚህ ሥራ የወጣ ገንዘብ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «የግራው ፍሬቻ ሲጠቅስ የፊቱም መብራት አብሮ ይርገበገባል» ብለውኝ ነበር። ሁለቱ የሚመለሱበት ማሳ አንድ ስለሆነ፣ ይህ ቃል ጥፋቱን በጣት እንደ ማሳየት ያህል ነበር። እኔ ግን ያልተማረ ሰው ቃል ነው ብዬ ሳላዳምጥ አለፍሁ።

እንግዲህ አሳቤን ልግለጽ። የእኛ ዕውቀት፣ የተማሪዎቹን ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚለካው አምፖሉ ተነቅሎ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ሙሉ 12 ቮልት እናሳያለን፤ ሥራ ሲጫንብን ግን እንፈዛለን። ይህን ስል መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን በቤተ ሙከራችን ውስጥ አንድ አሮጌ ባትሪ፣ ጥቂት ሽቦ፣ ሁለት አምፖልና ሆን ተብሎ የተበላሸ መጋጠሚያ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ብልሽት ከሥሩ ፈልጎ ቢያገኝ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን መጥቷል፤ የፔጆ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው፤ መጋጠሚያው የላላ ሽቦ በአዲሱም መኪና ውስጥ ያው የላላ ሽቦ ነው። ደግሞም ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ስንት አባቶች ሙያ ተምረው ኖረዋል። የእነዚያ ሠራተኞች የልጅ ልጆች ካቻቢቴ መያዝ ቢያፍሩ ያሳዝናል።

ወላጆቻችንንም በትሕትና እለምናለሁ፤ ልጃችሁ የተበላሸ ነገር ሲፈታ ብታዩ፣ «እጅህ ይቆሽሻል» ብላችሁ አትከልክሉት። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ እናንተም ከመለወጣችሁ በፊት ፈልጉ፤ ስትፈልጉም ነገሩ በሥራ ላይ እያለ መርምሩ፤ በዕቃው የሚኖረውንም ሰው አስቀድማችሁ ስሙ።

ሽማግሌው መኪናቸውን አልሸጡም። ማታ ማታ በደጃችን ሲያልፉ ሁለቱን መብራት አብርተው ጡሩምባ ይነፉልኛል። የሦስተኛውን አምፖል ዋጋ ግን እስካሁን ሊቀበሉኝ እምቢ ብለዋል።