«ከዚያስ?» ሳትሉ ሼር አታድርጉ

ሰሞኑን ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ያንኑ አንድ ቪዲዮ ላኩልኝ። «ቲቸር፣ ይሄን አይተዋል? የዓለም ሙቀት ከጠፈር ጨረር ነው እንጂ ከሰው አይደለም፤ ሰርን ላይ ተረጋግጧል!» ከሥሩ ደግሞ «ደብቀውን ነው» የሚል ኮሜንት መዓት።

እስቲ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ጨረሩ አለ። ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ለካው፤ በ1936 ኖቤል ተሸለመበት። ደመናም ብናኝ ይፈልጋል፤ የውሃ ትነት የሚያርፍበት ካላገኘ እንዲሁ ጠብታ አይሆንም። ታዲያ ጨረሩ ብናኝ ሲፈጠር ያግዛል ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። የዴንማርኩ ስቬንስማርክ በ1990ዎቹ ሲያነሳው ማንም አልደበቀውም። እንዲያውም ጄኔቭ አጠገብ፣ ሰርን ውስጥ፣ «ክላውድ» የሚባል ሙከራ ተሠራለት፦ 26 ሜትር ኩብ የሚይዝ የብረት ጋን፣ ውስጡ እጅግ የተጣራ አየር፣ የጠፈሩን ጨረር የሚተካ የቅንጣት ጨረር።

በ2011 ውጤት ወጣ። ጨረሩ የደቃቅ ብናኞችን መፈጠር ከ2 እስከ 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያፋጥን ይችላል ተባለ። ቪዲዮው እዚህ ላይ ያበቃል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጀማሪ መምህር ሳለሁ ክፍል ውስጥ እዚሁ ላይ አብቅቻለሁ። ጥፋቴ ነው።

ከዚያስ?

ከዚያማ እነዚያ ብናኞች የደመና ዘር ለመሆን ገና ብዙ እጥፍ ማደግ አለባቸው። አብዛኞቹ ሳያድጉ ይጠፋሉ። በ2016 ያው የክላውድ ቡድን የላብራቶሪ ልኬቱን በዓለም አቀፍ ሞዴል አስልቶ፣ የጨረሩ ከፍ ዝቅ ማለት በዛሬው አየር ንብረት ላይ በዚህ መንገድ ጉልህ ለውጥ አያመጣም አለ። ጨረሩ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እየተለካ ነው። ከፀሐይ ጋር በ11 ዓመት ዙር ይወጣል ይወርዳል። ሙቀቱ ግን መውጣቱን ቀጠለ።

ስለዚህ ምስክር ብላችሁ የጠራችሁት ሙከራ የመሰከረው በተቃራኒው ነው! የተደበቀም የለም፤ ሁለቱም ውጤት ታትሟል። የደበቀው ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው ነው።

ከሦስቱ አንዱ ዛሬ እንደኔ መምህር ነው። ነገ ጠዋት 60 ልጅ ፊት ይቆማል። የምፈራው ለዚህ ነው። ግማሽ ሳይንስ ከውሸት ይብሳል፤ ውሸቱን ልጁ ሊጠረጥረው ይችላል፣ ግማሹን ግን አምኖ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል።

ልጆቼ፣ አትጠይቁ አላልኩም። ጠይቁ። መልሱንም እስከ መጨረሻው አንብቡ።