በሩን ማን አንኳኳ?

ወገኖች፣ አንዲት እናት ከአምልኮ በኋላ ቀርበው «ልጄ ፍራተርኒቲ ገባ፤ ጸልዩልኝ» አሉን። ልጁ እዚሁ አሜሪካ፣ በእኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ነው። የሚማረው ከቤቱ የአምስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ አነስተኛ ኮሌጅ ነው። ጸለይን። መንፈሱንም ገሠጽን። ልጁ ከሄደ ጀምሮ ግን ከመካከላችን አንድ ጊዜ እንኳ የደወለለት አልነበረም።

ስለ እነዚህ የወንድና የሴት ተማሪዎች ማኅበራት፣ ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ ስለሚባሉት፣ የምንሰብከው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጠጥ፣ ዝሙት፣ የምስጢር መሐላ። አንክድም። አዲስ ገቢውን «እንፈትነው» ብለው እስኪሞት ያጠጡ ቤቶች ነበሩ፤ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ግፍ በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግም እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል። መጠጥማ የትም አለ። ልጆቻችንን የሚወስዳቸው እርሱ ብቻ ነው ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

ታሪካቸውን እንይ። የበቀሉት በትንንሽ ኮሌጆች ነው። በኒውዮርክ ግዛት በዩኒየን ኮሌጅ ካፓ አልፋ እ.ኤ.አ. በ1825 ተመሠረተ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያው ሁለት ተጨመሩ። የሴቶቹን ደግሞ ተመልከቱ፦ በኢሊኖይ በሞንማውዝ ኮሌጅ፣ ዛሬ ፓይ ቤታ ፋይ የሚባለውን በ1867 አሥራ ሁለት ሴት ተማሪዎች ጀመሩት፤ በ1870 ካፓ ካፓ ጋማ ተከተለ። ሞንማውዝን ያቋቋሙት ፕሬስቢቴሪያኖች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ!

ለምን እዚያ? ሂሳቡ ቀላል ነው። 40 አባላት ያሉት ቤት 30,000 ተማሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ አይታይም። 1,200 ተማሪ ባለበት ኮሌጅ ግን እንዲህ ያሉ አምስት ቤቶች ከስድስት ተማሪ አንዱን ይይዛሉ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ማታ የሚኬድበት የለም። ቤቱ ግን ማዕድ አለው፣ መብራቱ አይጠፋም። አንድ ከፍ ያለ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዶርሙን በር ያንኳኳል፣ ስሙን ይጠራዋል፣ «ታላቅ ወንድምህ እኔ ነኝ» ይለዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመረቀው ደግሞ ለጣሪያው ያዋጣል፣ ሥራ ያፈላልጋል። ይህ እረኝነት አይደለም? ማን አስተማራቸው? እኛስ መቼ ተውነው?

«ቤተ ክርስቲያን ክለብ አይደለችም» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ግን በየቤቱ አብረው ስለሚበሉ ሰዎች ይነግረናል፤ በዓመት አንዴ ለተመራቂ ኬክ ስለሚቆርሱ አይደለም።

በሜይን ግዛት ያለው ቦውደን ኮሌጅ ፍራተርኒቲዎችን ለማስቀረት በ1997 ሲወስን ከልክሎ ብቻ አልተወም፤ በምትኩ ተማሪ ሁሉ የሚካተትባቸውን ቤቶች አዘጋጀ። አንድ የኮሌጅ አስተዳደር ይህን ካስተዋለ እኛ ምን ነካን?

የእነርሱ በር ክፉ ነገር አለበት፤ ይህን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። በድምፅ ይመርጣሉ። ያልተመረጠችው ልጅ ያን ሌሊት ዶርሟ ውስጥ ብቻዋን ታለቅሳለች። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወቀሰው አድልዎ ይኸው ነው። ነገር ግን የእኛ ልጅ ጓደኛውን ይዞ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ያለ አስተርጓሚ ስናስቀምጠው እኛም መርጠናል። ድምፅ አልሰጠንም እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ዶሮ ወጥና እንጀራ ጭነን ወደ ልጁ ሄድን። ይቆጡኛል ብሎ ሳይፈራ አልቀረም። ከዚያ ቤት አራት «ወንድሞቹን» ይዞ መጣ፤ በልተን፣ ጸልየን፣ እስኪመሽ ተጫወትን። ስንነሣ አንዱ «መቼ ትመለሳላችሁ?» አለን። ቀን አልቆረጥንም ነበር።