ማልያው ለአቋማሪ፣ ኪሳራው ለወጣቱ



በየሰፈሩ የሚሆነውን ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአውሮፓ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ደጃፍ ወጣቱ ትኬቱን ጨብጦ ቆሟል፤ ትኬት ያልቆረጠውም በስልኩ ይወራረዳል። የቀን ሠራተኛው የዕለት ገቢውን፣ ተማሪው የምሳና የታክሲ ገንዘቡን ያስይዛል። ይህን የወጣቱ የግል ድክመት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ፓርቲያችን ግን የአሠራርና የሕግ ጉድለት ነው ብሎ ያምናል።

ሒሳቡን እንመልከት። እኩል ዕድል ባላቸው ሁለት ውጤቶች ላይ ድርጅቱ ለሁለቱም 1.90 ኦድ ሰጠ እንበል። ሁለት ሰዎች በተቃራኒ መቶ መቶ ብር ቢያስይዙ፣ ድርጅቱ 200 ብር ሰብስቦ ለአሸናፊው 190 ይከፍላል፤ ማንም ያሸንፍ ማን 10 ብሩ የእሱ ነው። በዚሁ ስሌት አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት የደረደረ ወጣት ካስያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለስለት 60 ብር ገደማ ነው። «አንድ ጨዋታ በላኝ» እያለ በማግሥቱ የሚመለሰው ልጅ የተሸነፈው በሒሳብ ነው።

ይህን ንግድ ተወዳጅ ያደረገው የለበሰው ማልያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ግን የአገራችን ከፍተኛ ሊግ በአወራራጅ ድርጅት ስም «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተባለ። ቢራን የከለከለ መንግሥት ቁማር የሊጉ ስም ሲሆን ዝም አለ። ዛሬ ያ ስም ወርዷል፤ ሌላ ስም እንዳይሰቀል ዋስትናው ግን የድርጅቶች በጎ ፈቃድ ሊሆን አይችልም።

ክለቦቹን አንወቅስም። ብዙዎቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚኖሩ በመሆናቸው የመጣውን ገንዘብ ቢቀበሉ አይገርምም። ተጠያቂው መንግሥት ነው። አዋጅ ቁጥር 535/1999 ሎተሪ ሻጩን ተቋም ራሱን ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ አደረገው፤ የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅም ከዕድል ሙከራ አሸናፊ 15 በመቶ ግብር ጣለ። ከገበታው የሚቋደስ ዳኛ ፊሽካ አይነፋም።

ሌሎች አገሮች መንገዱን አሳይተዋል። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ስፔን በ2020 ባወጡት ሕግ የቁማር ድርጅቶችን ከክለቦች ማልያ አገዱ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ከ2025/26 የውድድር ዘመን ፍጻሜ ጀምሮ ከማልያቸው ፊት ለማውረድ በ2023 ተስማሙ።

ስለሆነም ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1. የቁማር ድርጅት ስምና ምልክት በማልያ፣ በስታዲየምና በስፖርት ስርጭት ላይ እንዳይታይ በአዋጅ ይከለክላል፤

2. ተቆጣጣሪውን ከሎተሪ ሻጩ ለይቶ፣ ተጠሪነቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያደርጋል፤

3. ዕድሜው 21 ዓመት መሙላቱ በመታወቂያ ያልተረጋገጠ ሰው በቤትም ሆነ በስልክ እንዳይወራረድ ያደርጋል፤

4. ለክለቦች የሁለት የውድድር ዘመን መሸጋገሪያ ሰጥቶ፣ የታዳጊ ቡድኖችን ለሚደግፉ ነጋዴዎች የግብር ማበረታቻ ይፈቅዳል።

ይህ እርምጃ የመንግሥትን ገቢ እንደሚቀንስ እናውቃለን። ከልጅ የምሳ ገንዘብ የሚሞላ ካዝና ግን ቢጎድል ይሻላል።

መራጭ ሆይ! ልጅህ ኳስ ይጫወት፤ በልጅህ ግን ማንም አይጫወት። በካርድህ ፍረድ!

የፓርቲው ጸሐፊ