ድድዬ ደማ ብለው ብሩሹን አይተዉ

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ጠዋት ጥርስዎን ቦርሸው ሲተፉ አረፋው ቀላ ብሎ ይወርዳል። የመጀመሪያ ቀን “ብሩሹ ጠንክሮብኝ ይሆናል” ይላሉ። በሳምንቱ ፖም ሲገምጡ ፍሬው ላይ ደም ያያሉ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው የሚደማውን ቦታ መተው ነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ የግራ መንጋጋዬን ብሩሽ ሳላስነካ ሁለት ወር ያህል ቆየሁ።

በሰባተኛው ወር አንድ ሌሊት በጥርስ ሕመም ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት የሄድኩበት ክሊኒክ ሆዴን አይቶ “ከወለድሽ በኋላ ነይ” ብሎ መለሰኝ። አክስቴ ደግሞ “ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ ልጅ ሲመጣ ጥርስ ይሄዳል” አሉኝ። ክሊኒኩም ተሳስቷል፣ አክስቴም ተሳስተዋል፤ ቀድሜ የተሳሳትኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ከአክስቴ ልጀምር። ጽንሱ ለአጥንቱና ለጥርሱ የሚሆነውን ካልሲየም የሚያገኘው እናቱ ከምትበላው ነው፤ ካነሰውም ከእናቱ አጥንት ይወስዳል። ከጥርሷ ግን አይወስድም። ወተቱን፣ እርጎውን፣ ጎመኑን መብላትዎ ለእርስዎም ለልጁም ያስፈልጋል፤ ጥርስዎን የሚጥለው ግን ሌላ ነገር ነው።

በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ስለሚጨምር ወደ ድድ የሚሄደው ደም ይበዛል፤ ድድም በጥርስ ሥር ለሚለጠፈው ስስ ቆሻሻና በውስጡ ላሉት ባክቴሪያዎች ከወትሮው ይልቅ ይቆጣል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ በትንሽ ንክኪ ይደማል። ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ወር ገደማ ይጀምርና እስከ ስምንተኛው ወር እየባሰ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ የሚደማው ቦታ ቆሻሻው ያለበት ቦታ ነው ማለት ነው። ሲተዉት ቆሻሻው ይወፍራል፣ ድዱም የባሰ ይደማል። መድኃኒቱ ለስላሳ ብሩሽ ገዝቶ ያንኑ ቦታ ቀስ ብሎ፣ ሳይዘሉ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ መቦረሽ ነው። በጥርስ መካከል ደግሞ የጥርስ ክር ያስገቡ። መፋቂያ የለመዱ ከሆነ አይተዉት፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ግን ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይጠቀሙ። (በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ሰዎች ጥርስ የሚበልዘው በልጅነታቸው በጠጡት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ባለው ብዙ ፍሎራይድ ነው፤ ተቦርሾ በሚተፋ የጥርስ ሳሙና አይደለም።)

አንዳንድ እናቶች በጥርሶቻቸው መካከል ቶሎ የምትደማ ቀይ እብጠት ትወጣባቸውና ካንሰር መስሏቸው ይደነግጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌላት፣ ከወሊድ በኋላ በራሷ የምትጠፋ ናት፤ ሐኪም አይቶ ቢያረጋግጥልዎ ግን ይሻላል።

ማስመለስ ካለብዎ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሆድ የሚወጣው አሲድ የጥርስን የላይኛውን ሽፋን ለጊዜው ያለሰልሰዋል። አፍዎ ስለመረረዎ ወዲያው ቢቦርሹ የለሰለሰውን ሽፋን ይፍቁታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጉመጥመጡ፤ ከሌለም ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ይቦርሹ። የሳሙናው ሽታ ራሱ የሚያስመልስዎ ከሆነ ሽታው ቀለል ያለውን ይለውጡ፣ ወይም ሰውነትዎ ረጋ በሚልበት ሰዓት ይቦርሹ። ሎሚስ? ሎሚውን ያሽትቱት፤ ቀኑን ሙሉ አይምጠጡት። እሱም አሲድ ነው።

ወደ ሕክምናው ስመጣ፣ ሁለተኛው የሄድኩበት ሐኪም ሳያቅማማ ተቀበለኝ። ወንበሩን ብዙ አላስተኛውም፤ ከቀኝ ጎኔ ሥር ትራስ አድርጎ ወደ ግራ አዘነበለኝ። የከበደ ማሕፀን በጀርባ ሲተኙ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን ነው። የሚያደነዝዘው መርፌ፣ ሊዶካይን፣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። ራጅ ካስፈለገም የሚነሳው አፍ እንጂ ሆድ ስላልሆነ ጽንሱ ጋ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። እጥበቱም፣ መሙላቱም፣ መንቀሉም በእርግዝና ጊዜ ይሠራል። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለእናቲቱ ይመቻል፤ የሚያሠቃይ ወይም መግል የያዘ ጥርስ ግን ወር አይጠብቅም። የእኔ ጥርስ ጊዜው አልፎበት ነበርና ተነቀለ።

ከሁሉ የምፈራው ከፋርማሲ በራስ ውሳኔ የሚገዛውን ነው። ለጥርስ ሕመም ብዙ ቤት የሚገኘው ቴትራሳይክሊን ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ከተወሰደ የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ለዘለቄታው ያበልዘዋል፤ ዶክሲሳይክሊንም የዚያው ዘር ነው። አይቡፕሮፌንን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል፤ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የእንሽርት ውሃውን ሊያሳንስ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ሐኪሙ ለነፍሰ ጡር የሚሆነውን ያዝዛል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግም ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ ጥርሱን አያድነውም።

ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው እናቶች ያለጊዜያቸው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ ያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ድድን ማከም ብቻውን ይህን እንደሚያስቀር ግን አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ በዚህ ላስፈራራዎ አልፈልግም። ለመታከም የራስዎ ጥርስ በቂ ምክንያት ነው።

ከወለዱ በኋላም ነገሩ ይቀጥላል። ሌሊት ሲያጠቡ አጥሚቱን ጠጥተው አፍዎን ሳይጉመጠመጡ እንቅልፍ ይወስድዎታል። ጥርስ የሚያቦረቡሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ በምራቅ ከእናት ወደ ልጅ ይሻገራሉ፤ ምግቡን አላምጦ ማጉረስ፣ ማንኪያውን ልሶ መስጠት ዋነኛ መንገዳቸው ነው። አያቶች ይህን ሲነግሯቸው ቅር ይላቸው ይሆናል፤ በቀስታ ይንገሯቸው። እስከዚያው ግን ለሚቀጥለው ክትትል ሲሄዱ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮም በዚያው ሳምንት ይያዙ፤ ስንተኛ ሳምንትዎ እንደሆነና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፈው ይሂዱ።